ነፍሰ ጡር አይደለሁም ብዬ ፈረምኩ

እስቲ ፍረዱኝ። የአሥር ሳምንት ነፍሰ ጡር ሆኜ፣ ማቅለሽለሹ እንዳይጥለኝ ብስኩት በእጄ ጨብጬ፣ ለጆርጂያ ስቴት «ነፍሰ ጡር አይደለሁም» ብዬ በፊርማዬ አረጋገጥኩ። ማንም አላስገደደኝም። ይባስ ብሎ ያን ቀን ከቤቴ የወጣሁት «ነፍሰ ጡር ነኝና አሳክሙኝ» ብዬ ለማመልከት ነበር። ፊርማዬም ከመቼውም ይልቅ አምሮ ነበር የወጣው።

እብድ አይደለሁም። ቢያንስ ከሌላው ሰው የበለጠ አይደለሁም። ነገሩን ከሥሩ ስነግራችሁ፣ ከመካከላችሁ ግማሹ «እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው» እንደሚል አውቃለሁ። ሌላው ግማሽ የፈለገውን ይበል።

የምንኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ስቶን ማውንቴን ነው። ባሌ ደምሰው ኢስት ፖይንት ካለ የመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርቱ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። መሥሪያ ቤቱ የጤና ኢንሹራንስ የሚሰጠው ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ነው። ለደምሰው ደግሞ በየሳምንቱ ከሙሉ ሰዓት ሁለት ሰዓት ብቻ የጎደለ ፕሮግራም ያወጡለታል፤ እንዴት አድርገው እንደሚያስተካክሉት ይገርመኛል፣ አንድ ሳምንት እንኳ ተሳስተው አያውቁም። ስለዚህ ኢንሹራንሳችን በእኔ በኩል ነበር። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የሆቴል ክፍል ሳጸዳ ኖሬ፣ ባለፈው የጸደይ ወቅት «ከእንግዲህ የራሴን ሥራ እሠራለሁ» ብዬ ለቀቅሁ። ሥራዬ ስፌት ነው። አንድ የባልትና ሱቅ ጥግ ላይ የስፌት መኪናዬን ተክዬ የሀበሻ ቀሚስ አጠብባለሁ፣ አሰፋለሁ፣ አሳጥራለሁ። ሥራውን ስለቅ ኢንሹራንሱም አብሮኝ ለቀቀ።

እርግጥ ነው ሌላ ለመግዛት ስልሳ ቀን ሰጥተውን ነበር። ወረቀት ተልኮልን ነበር። ደምሰው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እኛ መቼ ታመን እናውቃለን?» አለ። እኔም ወረቀቱ ጠንከር ያለ ስለነበር የአንገት ልክ ቆረጥኩበት። ቆንጆ የአንገት ልክ ወጣው፣ ሦስት ሚዜዎች ለብሰውታል። ስልሳው ቀን አልፎ ሳምንት እንደቆየ፣ አንድ ጠዋት የባልትና ሱቁ የበርበሬ ሽታ አላስገባ አለኝ። ከፋርማሲ መመርመሪያ ገዝቼ ገባሁ። ሁለት መስመር።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስና የማልወደውን ክፍል ቶሎ ብዬ ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አርግዤ ነበር። ያኔ የነገርነው ሰው ብዛት! ደምሰው ለተሳፋሪዎቹ ሳይቀር ይናገር ነበር። ስኔልቪል ከትልቁ ልጃቸው ጋር የሚኖሩት አማቴ እማማ ሽታዬ የሕፃን አልጋ ገዝተው አስገጣጥመው ነበር። በአምስተኛው ወር ልጁን አጣነው። ሐዘኑን ተዉት፣ ሐዘኑን እኔና ደምሰው ሆነን ቻልነው። ያልቻልኩት ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና መንገሩን ነው። ያኔም ከሆቴሉ ሥራ በኋላ ማታ ማታ ቤቴ እሰፋ ነበርና፣ ቀሚስ ሊያስጠብቡ የሚመጡ ሴቶች ሆዴን እያዩ «ተገላገልሽ? ምን ወለድሽ?» ይሉኛል። መልሼ የማጽናናው እኔ ነበርኩ። አንዷማ በጣም ስላለቀሰች ቀሚሷን በነፃ አጠበብኩላት።

ያኔ የምትከታተለኝ ሐኪም እንዲህ አለችኝ። የማህፀኔ አፍ ክብደት ሲመጣበት ቀድሞ የሚከፈት ዓይነት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን በክር ይሰፋል፣ ይይዛል። የሚሰፋው ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳትቆዪ አለችኝ። የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬ ዕጣዬ መሰፋት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለቱን መስመሮች ያየሁ ቀን እኔና ደምሰው ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ ከአሥራ አራት ሳምንት በፊት እንድሰፋ። ሁለተኛ፣ ለማንም እንዳንናገር። ሆዴ ራሱ እስኪናገር ድረስ አፋችንን መዝጋት። እናቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፣ እኛ ነን በአሜሪካ አየር ተታለን የለፈለፍነው። ደምሰው ቃሉን አጠበቀው። ቤታችን ውስጥ ብቻችንን ሆነን፣ በር ተዘግቶ እንኳ «እርግዝና» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። «ጉዳዩ» ነው የሚለው። «ጉዳዩ ምሳ በላ?» ይለኛል ከሥራ ደውሎ። አጠገቡ ያለ መንገደኛ የፍርድ ቤት ክርክር ያለብን ሳይመስለው አይቀርም።

እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ያን ቀን አልታየንም።

መጀመሪያ ሐኪሟ ቢሮ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ «ኢንሹራንስሽ የማን ነው?» አለችኝ። የለኝም አልኳት። በጣም በትሕትና «ሲኖርሽ ደውዪ፣ ያኔ ቀጠሮ እንይዛለን» አለችኝ። ቀጥሎ ኢንሹራንስ ወደሚሸጥበት የመንግሥት ስልክ ደወልኩ። እዚያም ደግ ሴትዮ ገጠመችኝ፤ የእኔ ችግር ምንጊዜም ደግ ሰው አያጣም። መመዝገቢያው ኖቬምበር እንደሚከፈት፣ ሽፋኑ ግን ከጃንዋሪ እንደሚጀምር ነገረችኝ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ጃንዋሪ ለእኔ ዘግይቷል። ከጊዜው ውጪ ለመመዝገብ በሕይወቴ ውስጥ የተለወጠ ነገር መኖር አለበት አለች፦ ትዳር፣ ፍቺ፣ ቤት መቀየር።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እርግዝናስ?» አልኳት። ከደምሰው ሌላ የነገርኳት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

«እርግዝና አይቆጠርም» አለች። «ልጅ መውለድ ግን ይቆጠራል። ልክ እንደተወለደ ደውዪልን።»

«ልጁ እንዲወለድኮ ነው ኢንሹራንሱን የፈለግሁት።»

«ይገባኛል» አለች፣ በእውነትም የገባት ይመስለኛል። «ለነፍሰ ጡር የስቴቱ የነፃ ሕክምና፣ ሜዲኬድ አለ። እዚያ አፕላይ አድርጊ። ደግሞም እንኳን ደስ ያለሽ።»

ኦንላይን ልንሞላው ሞከርን። ደምሰው ፓስዎርዱን ሦስቴ ተሳስቶ ተቆለፈብን። ለመክፈት የሚላከው ኮድ ደግሞ ወደ ድሮ ስልኩ ይሄዳል፤ የድሮ ስልኩን ለሰው ከሰጠው ቆይቷል። ወረቀት እንዲህ ሲያስቸግር ሀበሻ የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፦ ጋሽ ተፈራ ጋ።

ጋሽ ተፈራ ከዊግ መሸጫና ከጎማ ቤት መካከል አንዲት ክፍል ቢሮ አላቸው። መስታወቱ ላይ ታክስ፣ ኢሚግሬሽን፣ ትርጉም፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ የአየር ትኬትና የሠርግ ካርድ ተዘርዝረው ስለተለጠፉ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ትንሽ ነው። በዲቪ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ወረቀቱን እሳቸው ጋ ይሞላል፣ ሲቲዝን ሲሆን የመጨረሻውን እሳቸው ጋ ይሞላል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ የጋሽ ተፈራ ጆሮ ከበድ ስላለ ጥያቄውን ሲያነቡ እንደ ጉባኤ ነው የሚያሰሙት። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ተራ የሚጠብቅበት ወንበር እዚያው ጠረጴዛቸው አጠገብ ነው። ያን ቀን ሰባት ሰው ተቀምጧል። ጫፍ ላይ ደግሞ እትዬ ዘነበች አሉ። እትዬ ዘነበች ከአማቴ ጋር አንድ ማኅበር ጠጪ ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ።

ደምሰው «ሁለታችን ከገባን ሰው ይጠረጥራል» ብሎ መኪና ውስጥ ቀረ።

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የደምሰውን ሥራ። እኔ በመካከሉ ሁለቴ ተነስቼ ሽንት ቤት ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ «ውሃ አብዝቼ ነው» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ከዚያ ገጹን ገለጡና፣ ጎማ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፦

«ነፍሰ ጡር ነሽ?»

ሰባቱም አንገታቸውን አቀኑ። ካልኩሌተር ሲነካ የነበረው ሰውዬ እንኳ እጁን አቆመ። የእትዬ ዘነበች ዓይን ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

«እኔ?» አልኩ። ሳቅሁ ደግሞ። ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። «ኧረ ጋሽ ተፈራ! በዚህ ዕድሜዬ? ምን ነክቶዎት ነው!»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ብስኩቴን አዩት። «ታዲያ ‹ኖ› ልበል?»

«ኖ ይበሉ።»

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ? ይህ የመንግሥት ወረቀት ነው።»

«ጋሽ ተፈራ፣ ሴትዮ የራሷን ሆድ አታውቅም? ኖ ይበሉ!»

ኖ አሉ። ፈረምኩ። ለሰባቱም ሰው አንድ በአንድ ጎንበስ እያልኩ ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ። ወገቤን ቀጥ አድርጌ ነበር የሄድኩት፣ እንደ ወጣት ልጅ።

መኪና ውስጥ ስገባ ደምሰው «እንዴት ሆነ?» አለ።

«ጮክ ብለው ጠየቁኝ። እትዬ ዘነበች ቁጭ ብለዋል።»

«ወይኔ! ምን አልሽ?»

«ኖ አልኩ።»

«ጎበዝ!» አለ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። «ጎበዝ የእኔ ልጅ!»

እንዲህ እየተደሳሰትን ሄድን። ሦስት መብራት አለፍን። አራተኛው ላይ ቀይ ይዞን ቆምን። ደምሰው መሪውን እንደያዘ ፊት ለፊት እያየ ቀስ ብሎ «ቆይ» አለ። «ታዲያ አፕላይ ያደረግነው ለምንድን ነው?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው ሰው ክላክስ አደረገ። እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም።

ተመልሰን ገብተን እናርመው ብንል እትዬ ዘነበች አሁንም እዚያው ናቸው። ተራ እስኪደርሳቸው ደግሞ የሚያጡት ነገር ስለሌለ በደስታ ይጠብቃሉ። «መልሱ ሲመጣ እናያለን» አልን። መልሱ መጣ። ነፍሰ ጡር ያልሆነች፣ ልጅ የሌላት፣ ጤነኛ አዋቂ ሴት ስለሆንሽ አይገባሽም የሚል ደብዳቤ። ትክክል ናቸው። በነገርኳቸው መሠረት ሲታይ አንድም ነገር አልጎደለኝም።

አሥራ አንደኛው ሳምንት ገባ።

ሜዲኬድ ቢሮ ደውዬ በስልክ ላርመው ወሰንኩ። እንግሊዝኛዬ ለሆቴልና ለገበያ ይበቃል፤ ለመንግሥት ግን አላምነውም፣ አስተርጓሚ ጠየቅሁ። ትንሽ ሙዚቃ አሰምተውኝ አንዲት ሴት ገባች፤ «ስሜን አልናገርም፤ የተባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉማለሁ» አለች። ድምፅዋን ስሰማ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከምታዘምረው ልጅ ድምፅ ጋር አንድ ነው።

«እህቴ» አልኳት፣ «አንቺ የምትኖሪው የት ነው?»

እንዳለችው ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችው። የቢሮው ሠራተኛ መለሰ። «ጠረጴዛዬ ጋ ነኝ ይላሉ» አለችኝ።

«እሳቸውን አይደለም፣ አንቺን ነው። አትላንታ ነሽ?»

ይህንንም ተረጎመችው። «አዎ፣ አትላንታ ነኝ፣ ችግር አለ ወይ ይላሉ።»

ተስፋ ቆረጥኩ። ከእሷ ማምለጫ የለም። ስለዚህ ሰውዬው እንዲገባው፣ እሷ ግን እንዳይገባት አድርጌ ለመናገር ወሰንኩ። አሁን ሳስበው ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ እንዳሰብኩ አይገባኝም፤ ያን ቀን ግን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

«በይላቸው... ቅጹ ላይ ሁኔታው ተለውጧል። እኔ ብቻዬን አይደለሁም።»

«ቤታችሁ ተጨማሪ ሰው ገብቷል ወይ ይላሉ።»

«ገና ነው። ወደፊት ነው የሚገባው።»

«መቼ?»

«እግዚአብሔር ካለ ሚያዝያ።»

«ሥራ አለው ወይ? ገቢው ስንት ነው ይላሉ።»

«ኧረ ምንም ገቢ የለውም።»

«ዕድሜውስ?»

ሰውየው ይተይባል፣ የቁልፉ ድምፅ ይሰማኛል። ልዋሽ ብል ቁጥር አልመጣልኝም። «አሥራ አንድ...» አልኩ፣ «...ሳምንት።»

አስተርጓሚዋ አልተረጎመችውም። ከዚያ በራሷ ድምፅ፣ ቀስ ብላ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና... አርግዘሽ ነው?» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት።

አዎ፣ ዘጋሁት። ልትረዳኝ የጠየቀችኝን ብቸኛ ሰው ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። በሳምንቱ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ሚያዝያ ላይ ቤታችን የሚገባውን ሰው የመታወቂያ ቅጂና ገቢ የሌለው መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እንድንልክ ይጠይቃል። ደምሰው አነበበውና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። «አሥራ ሁለት ሳምንት ሆነ» አለ። «ጉዳዩ» አላለም። «ልጃችን አሥራ ሁለት ሳምንት ሆነው። በእኔ ምክንያት እንዳናጣው ፈራሁ።»

«በአንተ ብቻ ነው? የፈረምኩትኮ እኔ ነኝ» አልኩት። ሁለታችንም የምንፈራው የእትዬ ዘነበችን ምላስ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። የምንፈራው እንደገና ለሰው ሁሉ መንገርን፣ እንደገና ተስፋ አድርጎ ማጣትን ነበር። ካልተናገርነው የሚጠፋም ነገር የሌለ መስሎን ነበር። ቀሚሴን ቀይሬ «ተነስ፣ ንዳ» አልኩት።

ጋሽ ተፈራ ቢሮ ስንገባ እንደ ተለመደው ወንበሩ ሞልቷል። ጫፍ ላይ ደግሞ ማን ቢኖር ጥሩ ነው፣ እትዬ ዘነበች። እኚህ ሴትዮ ስንት ወረቀት ቢኖራቸው ነው! የሆነው ይሁን ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ልናገር አፌን ከፈትኩ። ገና «ጋሽ ተፈራ፣ ያ ወረቀት» ስል እትዬ ዘነበች ብድግ አሉ።

«መኪናዬን ሎክ ማድረጌን ልይ እስቲ» አሉ።

ካልኩሌተር ያለው ሰውዬም ተነሳ። «እኔም ሎክ አላደረግኩም መሰለኝ።»

አንድ በአንድ ሁሉም ተነሱ። በአንዲት ደቂቃ ውስጥ አትላንታ ያለ ሀበሻ በሙሉ መኪናውን ሳይቆልፍ የመጣ መሰለ። እትዬ ዘነበች እንኳን መኪና መንጃ ፈቃድም የላቸውም፤ ሁልጊዜ ልጃቸው ነው የምታመላልሳቸው። የመጨረሻው ሰው በሩን ከኋላው ገፋ አድርጎ ዘጋው። በመስታወቱ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ክፍተት ሳያቸው ውጪ ፀሐይ ላይ ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተውናል።

ጋሽ ተፈራ መሳቢያቸውን ሳቡ። አንድ ወረቀት አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት። ያው ቅጽ ነው፣ በራሳቸው የእጅ ጽሕፈት፣ ስሜ፣ አድራሻዬ፣ ሁሉም ተሞልቶ። ያቺ ጥያቄ ላይ «የስ» ተብሏል። የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነው።

«ይህን መቼ ሞሉት?» አልኩ።

«ያን ዕለት፣ ገና ከመኪና ማቆሚያው ሳትወጡ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ሰው ያላለውን መጻፍ ወንጀል ነው፣ ስለዚህ ያልሽውን ጻፍኩ። የምትይውን ደግሞ ጽፌ አስቀመጥኩልሽ። ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ የእኔ ልጅ፣ ብስኩት ጨብጣ ሦስቴ ሽንት ቤት የምትሄድ ሴት አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም? ሳምንታት ነው ያለፉብን!»

«ምን ብዬ ልደውል?» አሉኝ። «ያልነገርሽኝን አውቄብሻለሁ ብዬ?»

ደምሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የፓስፖርት ፎቶ ልክ የሚያሳየውን ወረቀት ያነብ ጀመር። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ቢደውሉልኝ እሞት ነበር፣ ቢሮ መቀየሬም አይቀርም ነበር። «እነሱስ?» አልኩ፣ በአገጬ ወደ ውጪ እያሳየሁ።

«እንደወጣሽ ዘነበች ‹የሰማ አለ?› ብላ ሁሉንም አየቻቸው። ማንም አልሰማም። ተስማማን።»

አለቀስኩ። ደበቅሁ ብዬ የኮራሁት እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ እነሱ ደግሞ ማወቃቸውን እየደበቁልኝ ነበር። ከእኔ ሥራ ይልቅ የእነሱ ይከብዳል። እኔ የማውቀውን አንድ ነገር ነው ያልተናገርኩት፣ እነሱ ግን ባዩኝ ቁጥር እንዳላዩ መሆን ነበረባቸው።

ፈረምኩ። ጋሽ ተፈራ ቀጥሎ የሚደረገውንም ነገሩኝ። ዋናው መልስ እስኪመጣ የካውንቲው ጤና ጽሕፈት ቤት ነፍሰ ጡር መሆኔን መርምሮ በዚያው ቀን ጊዜያዊ ሽፋን ሊሰጠኝ ይችላል። አድራሻውን በትንሽ ወረቀት ጽፈው አጠፉና «እዚያ ስትደርሺ በቀኝ በኩል ባለው በር ግቢ፣ ወንበሩ ይሻላል» አሉኝ። ስንወጣ ውጪ የቆሙት ሰዎች መኪኖቻቸው በሙሉ መቆለፋቸውን አረጋግጠው ወደ ውስጥ ይመለሱ ነበር። እትዬ ዘነበች በአጠገቤ ሲያልፉ «ሙቀቱ ምንድን ነው ዘንድሮ» አሉኝ። «እውነትዎን ነው እትዬ፣ ይሞቃል» አልኳቸው።

ጤና ጽሕፈት ቤት ነርሷ ጥያቄዋን ስትጠይቀኝ ገና ሳትጨርስ «የስ» አልኩ። በጣም ስለጮህኩ ወረፋ ላይ ያሉ ሴቶች ዞረው አዩኝ። ከሰዓት በኋላ ስሜ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ለአንገት ልክ አልቆረጥኩትም። ደምሰው ፕላስቲክ አልብሶ መኪናው ውስጥ ከመኪናው ኢንሹራንስና ከሊብሬው ጋር አስቀመጠው፣ ፖሊስ ቢያስቆመን ልጃችንን የሚያሳይ ይመስል።

በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ሰፋችኝ። መጀመሪያ የልቡን ምት አሰማችን። ፈጣን ነበር፣ እንደኔ የስፌት መኪና። ደምሰው በእጁ አፉን ይዞ ቆሞ ነበር። እኔ ወገቤን አደንዝዘውኝ ተኝቼ፣ ማሰብ ያለብኝን ሁሉ ትቼ «ዶክተር፣ ክሩ ምን ዓይነት ነው?» አልኳት። አሳየችኝ። ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ጥብጣብ። «ድርብ ነው ወይስ ነጠላ?» አልኳት። ሳቀች። ሥራዬን ነገርኳት። «እንግዲህ ታርሚኛለሽ» አለችኝ፣ ሲያልቅ ደግሞ «አጥብቄዋለሁ፣ የቀረውን አብረን እንጠብቃለን» አለች።

ማደንዘዣው ለቆኝ በዚያው ቀን ወደ ቤት ላኩኝ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ደምሰው መቀመጫዬን ወደ ኋላ አስተኝቶ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል «ቆይ» አልኩት። «እማማ ጋ ደውልልኝ።» ስፒከር ላይ አደረገው። የእርግዝናውን ብቻ እንድንነግራቸው፣ የክሩን ነገር ግን እንዳይደነግጡ እንድንተወው ተስማማን።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እናንተስ? በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። እማማ... አርግዣለሁ።»

«ምን አልሽኝ?!» አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «አንቺ! እውነት ነው? ኧረ እኔ አንድም ቀን አልጠረጠርኩም! በፍጹም! ከየት አውቄ ልጠርጥር!» እልልታቸውን አቀለጡት። በሕይወቴ እንዲህ ተጋኖ የተሠራ ድንጋጤ ሰምቼ አላውቅም። ደምሰው ከንፈሩን ነከሰ።

«ገና ነው እማማ፣ ለሰው እንዳይነግሩብን።»

«እኔ? ለማን ብዬ! በይ እረፊ፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ» ብለው ተሰናበቱን።

ስልኩን ግን አልዘጉትም። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፣ ቁልፉን የነኩ ይመስላቸዋል። ደምሰው ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ ወንበራቸው ሲንቀጫቀጭ ሰማን። ከዚያ እማማ ሽታዬ በዚያ ሁሉ እልልታ ውስጥ ባልነበረው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መናገር ጀመሩ። ከእኛ ጋር አልነበረም።

«እመቤቴ» አሉ። «የዛሬዋን ክር አንቺ አጥብቂልኝ። ሐኪሟ በእጇ ቋጥራለች፣ አንቺ ደግሞ ያዥው። ያለፈውን አልጠየቅሁሽም። ይህኛውን ግን ያዥልኝ።»

ከሐኪሟ ሌላ የክሩን ቀን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ ደምሰውን አየሁት። እሱ የፊት መስታወቱን መጥረጊያ አተኩሮ ያያል፣ ዝናብ የለም።

ማናችንም ስልኩን አልነካነውም። እሳቸው እስኪጨርሱ ድረስ ጠበቅን። ሲጨርሱ እኔም ቀስ ብዬ፣ እንዳይሰሙኝ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ አሜን አልኩ።